ባለ ሁለት ሞገዱ ሬዲዮ ለቤት ይሆናል ወይ

መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሬዲዮዎቹ ዛሬ ጠዋት ደረሱ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለሠናይት። የተሠሩት ለመኪና ነው። እኔ መኪና የለኝም፤ ሠናይትም መንዳት ከተወች ቆይታለች። ስለዚህ ይህ ዕቃ በቤት ውስጥ፣ በሁለት አሮጊቶች እጅ፣ ያለ ስልክና ያለ መብራት መሥራት አለመሥራቱን በሥርዓቱ እመዝናለሁ። ለእያንዳንዱ ነገር ከአሥር ነጥብ እሰጣለሁ። አዝኜለት የማሳልፈው ነገር አይኖርም።

ምክንያቱን አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገለው። ሠናይት ከአዳሪ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ሳንባዋን ታማ ዌስት አዳምስ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቷ ከኦክስጅን ማሽን ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ባለፈው የገና ዕለት ያ በየዓመቱ ከበረሃ የሚመጣው ነፋስ ሲነሳ ሰፈሯ መብራት ጠፋ፣ ማሽኑ ቆመ፣ ስልኩም ዝም አለ። መጠባበቂያው ሲሊንደር አጠገቧ ነበር፤ መክፈቻው ግን ጠነከረባት። እኔ እዚህ ፌርፋክስ ላይ ሆኜ፣ መስመሩ ተጨናንቆ ይሆናል፣ ቆይቼ እደውላለሁ እያልኩ ዶሮ ወጥ አሞቅ ነበር። ጎረቤቷ ውሻውን ሊያስገባ ወጥቶ በመስኮት ባያያት ኖሮ... ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

ልጇ አድማሱ ዳላስ ነው ያለው። ባለፈው ወር ደውሎ፣ "እትዬ ቀለመወርቅ፣ ነፋሱ ሳይመለስ እማዬ ጋ የሚደርስ ሰው መኖሩን ካላረጋገጣችሁልኝ ቤቱን ዘግቼ ኬር ሆም አስገባታለሁ። አይም ሲሪየስ" አለኝ። ሠናይት የአረጋውያን ማቆያ መባሉን ስትሰማ ለሁለት ቀን ምግብ አልበላችም። አረጋግጥልሃለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ።

የሬዲዮ መገናኛ ፈቃዱን በነሐሴ ተፈትነን ሁለታችንም አግኝተናል። ሠናይት በውጤት በለጠችኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መስከረም 9

መመሪያው በመጥፎ እንግሊዝኛ ተጽፏል። እስከ ገጽ አሥራ ሁለት በቀይ አረምኩት። በቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ጉንዳን ያክላል። ለመመሪያው ሦስት፣ ለቁልፎቹ አራት።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ክንዴን መታኝ። ጠቁሯል።

መስከረም 14

ብርሃነመስቀል መጣ። ድሮ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ አሁን ከሰፈራችን ምግብ ቤቶች ጀርባ ያለውን ፓርኪንግ ይጠብቃል። የእጅ ሬዲዮ ከቀበቶው አይለይም፤ ፈቃድም አለው። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለሬዲዮው የሚስማማ አድርጎ የሚቀይረውን ሳጥንና ለመብራት መጥፊያ ጊዜ የሚሆነውን ባትሪ አገናኘልኝ። ይህን በደንብ ሠራ። አንቴናው ላይ ግን ተከራከርን።

"እትዬ፣ ሃምሳ ዋት ነው እኮ! ሃምሳ ዋት ዌስት አዳምስ አይደለም፣ ሳንዲዬጎ ይገባል። መስኮቱ ጋ ጣል ያድርጉት፣ አለቀ።"

"መጽሐፉ ከቤት ውጭ ይሁን ይላል።"

"መጽሐፍ የሚጽፉት ታክሲ ነድተው የማያውቁ ናቸው።"

መስኮቱ ጋ ጣል አደረገው። ከዚያ ወደ ሠናይት ቤት ሄዶ የእሷንም ከነባትሪው ተከለና ጠራኝ። የሰማሁት እንደ ዝናብ ያለ ሹሹታ ብቻ ነው። ሳንዲዬጎም አልሰማንም።

ማታ ምክንያቱን አንብቤ አገኘሁት። የእነዚህ ሕንፃዎች ግድግዳ ከልስኑ ሥር የሽቦ መረብ አለው። ድምፁን እንደ ዶሮ አጉሮ ያስቀረዋል። ጥፋቱ የሬዲዮው ስላልሆነ ነጥብ አልቀነስኩም።

መስከረም 17

ዛሬ መስቀል ነው፤ ሰው ሁሉ ወጥቷል። እኔ ደክሞኝ ቀረሁ።

አንቴናው ከሥሩ ማግኔት አለው፤ መኪና ጣሪያ ላይ እንዲቀመጥ ታስቦ ነው። በረንዳ ላይ የሚይዘው ብረት ፈለግሁ። በኩሽናዬ ያለውን ትሪ ሁሉ ሞከርኩ። አሉሚኒየሙን ናቀው፤ የሚያብረቀርቀውንም ናቀው። በመጨረሻ ለሠርጌ የተሰጠኝን ባለ አበባ የኢናሜል ትሪ አመጣሁ። ጥብቅ አለ፤ ለማላቀቅ ሁለት እጅ ፈጀብኝ።

የሕንፃው ኃላፊ አንቴና በረንዳ ላይ ክልክል ነው ብላኛለች። የኪራይ ውሉን ሁለቴ አነበብኩት። የሚከለክለው የተሰቀለ አንቴና ነው። የእኔ ትሪ ላይ ተቀምጧል።

መስከረም 24

ተደማመጥን! ድምፅዋ ከጎኔ ያለች ይመስላል። ለድምፅ ጥራት ዘጠኝ።

ለሠናይት ግን ሁለት። እውነቱ እንዲህ ነው። ጠርቼ፣ "ትሰሚኛለሽ?" አልኳት።

"ቀለሜ! እንደምን አደርሽ? ደህና ነሽ? ጉልበትሽስ? ልጅሽ ሔለን ደህና ናት? ባሏስ? ሌሊቱ እንዴት ነበር? ብርዱስ? ደህና ነሽ ወይ?"

በየመሐሉ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፤ እሷ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭና ስለያዘች አትሰማኝም። ለቃ ዝም ስትል እኔ እጀምራለሁ፤ ያኔ እሷም ትጀምራለች። ሁለታችንም ስንናገር ሁለታችንም አንሰማም። በእኛ ሰላምታ ጠያቂና መላሽ እኩል ነው የሚናገሩት፤ አንዱ ዝም ብሎ ሌላውን ካዳመጠ የተኳረፉ ይመስላል። ሬዲዮው ይህን አያውቅም፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው የሚያስተናግደው።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ጠዋትና ማታ እጠራታለሁ። ሦስት ጥያቄ፦ መብራት አለ? አየሩ ይሠራል? በልተሻል? መልሱ አዎ ወይም አይ። ሰላምታ ክልክል ነው።

"ኧረ ቀለሜ፣ ሰው እንደምን አደርሽ ሳይባል መብራት አለ ተብሎ ይጠየቃል? ቆጣሪ አንባቢ ሆንሽ እንዴ?"

"መብራት አለ?"

"አለ፣ አለ! ኩራትሽም አለ።"

ሬዲዮው ቁልፉን ይዞ አልለቅ ያለን ሰው በራሱ የሚቆርጥበት ሰዓት አለው። በሁለቱም ላይ አንድ ደቂቃ አደረግሁት። ያለ እኔ ፈቃድ እንዳትነካው ነግሬአታለሁ።

መስከረም 28

ሁለቱ ሞገዶች ለምን እንደሚያስፈልጉ ለሠናይት አስረዳኋት፤ እዚህም ላስፍረው። በአንደኛው እኔና እሷ በቀጥታ እንነጋገራለን። በሁለተኛው የተራራውን ጣቢያ እናዳምጣለን። የተራራው ጣቢያ ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ ለከተማው ሁሉ የሚመልስ ነው። ብርሃነመስቀልን የምናገኘው በእሱ ነው፤ የእጁ ሬዲዮ ብቻውን እኛ ጋ አይደርስም። ሬዲዮው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያዳምጣል። ለዚህ አሥር ሰጠሁት። አሥር የምሰጠው ብዙ ጊዜ አይደለም።

የሠናይትን ቤት ቁልፍ ለብርሃነመስቀል ሰጠነው፤ የሲሊንደሩን መክፈቻም አሳየነው። ሔለን፣ "የአንቺንስ ቁልፍ?" አለችኝ በስልክ። እኔ ምን ሆኜ?

ጥቅምት 3

ልጄ ሔለን ከበርባንክ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"ማሚ፣ ክንድሽ ምን ሆኖ ነው?"

"በር ነው።"

"ሁለቱንም?"

"በሩ ሰፊ ነው።"

ድስቱን አየችው። አንድ ጊዜ አረረ፤ ማንም ሰው ድስት ያሳርራል። ጓሮ ያለውን ክፍል ለእኔ እንዳሳደሱት፣ ሻወሩ መያዣ ብረት እንዳለው እንደገና ነገረችኝ። እኔ የራሴ ቤት አለኝ፤ ሥራም ይዣለሁ አልኳት። "ሬዲዮ መነካካት ሥራ ነው?" አለች። የምዘናውን ገጾች አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አገላብጣ፣ "ማሚ፣ ይሄ ጽሑፍ ያንቺ ነው?" አለችኝ። የእኔ ካልሆነ የማን ይሆናል? እርግጥ ከወትሮው ትንሽ ተንጋዷል። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው።

ኋላ በረንዳ ወጥታ ለባሏ ስትደውል፣ "ኖ፣ ስለ እትዬ ሠናይት አይደለም። ቼክ መደረግ የሚያስፈልጋት እዚህ ያለችው ናት" ስትል ሰማሁ። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ አልሰማሁም።

ጥቅምት 6

ማይኩ ይከብዳል። ዛሬ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። ሁለት ነጥብ ቀነስኩ።

ጥቅምት 10

በማሳያው ላይ ያሉት ቁጥሮች ለአፍታ ሁለት ሁለት ሆኑ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ተስተካከለ። የፋብሪካ ጉድለት መሆን አለበት። አንድ ነጥብ ቀነስኩ።

ጥቅምት 13

ሬዲዮው በሙሉ ኃይል ሲሠራ ጀርባው ይግላል፤ ማቀዝቀዣው ማራገቢያም እንደ ንብ ያጉረመርማል። መኪና ውስጥ አይሰማ ይሆናል፤ ጸጥ ባለ ቤት ግን ይረብሻል። ኃይሉን ወደ መካከለኛው ዝቅ ሳደርገው ሠናይት እኩል ትሰማኛለች፣ ማራገቢያውም ዝም ይላል። መጮህ የማያስፈልገው ሰው መጮህ የለበትም። ስለ ሙቀቱ ሰባት።

በማታው ጥሪ ሠናይት ሕግ ጣሰች።

"ቀለሜ፣ ቃላትሽ ተንተባተቡብኝ።"

"ማይኩ ነው።"

"ማይክ ይሰክራል እንዴ?"

"በልተሻል ወይስ አልበላሽም?"

"አሁን ነገርኩሽ እኮ። ሁለተኛሽ ነው ስትጠይቂኝ።"

ለማረጋገጥ ነው የደገምኩት። ጥያቄ መድገም ጥሩ ልማድ ነው። ለሔለን እንዳትነግር ግን አስጠንቅቄአታለሁ። አንድ ቃል ከተሰማ አድማሱ ጠባቂዋ ራሷ ጠባቂ ትሻለች ብሎ ቤቱን ይዘጋል፤ እኔንም በርባንክ ይወስዱኛል። ነፋሱ መጥቶ ይለፍ። ከዚያ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 18

አድማሱ ደወለ። "ኦኬ፣ በሬዲዮ ሰሟት እንበል። ከዚያስ ማን ይሄዳል?" አለ። ብርሃነመስቀል ይሄዳል አልኩት። "እሱ ካልሰማስ?" እስኪሰማ እጠራለሁ። "እርስዎ ካልቻሉስ?" አለኝ። የማልችልበት ምክንያት የለም አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የገና ዕለቱ ዶሮ ወጥ ትዝ አለኝ። መጣል ነበረብኝ፤ በላሁት እኮ።

ጥቅምት 22

ነገ ነፋስ ይነሳል ብለዋል። ባትሪው ሙሉ ነው። ትሪውን በረንዳው ብረት ላይ በገመድ አሰርኩ። ታሰረ እንጂ አልተሰቀለም።

ጥቅምት 23

ነፋስ። ከንጋት ጀምሮ። ዘንባባዎቹ ቅርንጫፍ እየጣሉ ነው።

እዚህ መብራት አለ። ሠናይት ጋ ጠፋ። ማሽኑ ቆመ። ስልክ አይወጣም። ሬዲዮው ጥርት ብሎ ይሠራል።

ብርሃነመስቀልን በተራራው ጣቢያ ጠራሁት። በአንድ ጥሪ መለሰ።

ደረሰ። ሩዝ እስኪበስል አልፈጀበትም። ሲሊንደሩን ከፈተላት። "አየር አለኝ" አለች፤ በድምፅዋ አወቅሁ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ የሬዲዮ መለያ ስሜን በእንግሊዝኛ ተናግሬ ዘጋሁ፤ ደንቡ ነው። አድማሱ ይስማ!

የማታው ጥሪ ይቀራል። እሱን ጨርሼ ነጥቡን እደምራለሁ። ማይኩ ዛሬ በጣም ከብዷል

ጥቅምት 29

በግራ እጄ ነው። ሆስፒታል። ጽሕፈቴ ያሳፍራል። ስትሮክ ነው አሉ። በጊዜ ደርሰሻል አሉ።

ኅዳር 5

ቀኝ እጄ እየተመለሰ ነው፤ እያረፍኩ እጽፋለሁ። የሆነውን እኔ አላስታውስም። ሠናይት ተሸካሚ ኦክስጅኗን ይዛ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ እንደነገረችኝ አሰፍረዋለሁ።

"በማታው ጥሪ፣ መብራት አለ? ትያለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ 'እንደምን አመሸሽ ሠናይትዬ' አልሽኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ደስ ብሏት ነው፣ ሕጉን አነሳችልኝ ብዬ። ከዚያ፣ 'እናትሽ ደህና ናቸው? አባትሽስ ጉንፋኑ ተሻላቸው?' አልሽ። አባቴ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ ቀለሜ! ከዚያ የድሮ ትምህርት ቤታችንን የመኝታ ቤት ኃላፊ ስም ጠርተሽ፣ መጡ ወይ አልሽኝ። ቁልፉን ይዘሽ አልለቅ ብለሻል። ጠዋት ብርሃነን ስትጠሪ ወደ ተራራው ጣቢያ አዙረሽ አልመለስሽውም፤ መንገዱን ሁሉ ያንቺ ሰላምታ ሞልቶታል። እኔ እጮሃለሁ፣ ማን ይስማኝ?"

ከዚያ ሬዲዮዬ ቆረጠኝ። አንድ ደቂቃ ሞልቶ ነበር። ለእሷ ምላስ ብዬ ያደረግሁት ሰዓት የእኔን ቆረጠ። መንገዱ ተከፈተላት።

ሠናይት ትንፋሿ አጭር ነው። ምን እንዳለች ብርሃነመስቀል ነገረኝ።

"'ብርሃነ። ቀለሜ ጋ። ሩጥ።' በቃ ይሄው ነው እትዬ። እኝህ ሴትዮ እንደምን አመሸህ ሳይሉኝ፣ ልጆቹስ ሳይሉኝ! ሰላም ሳይሉኝ ሲያዙኝ ሰው ሞቷል ብዬ ነው የበረርኩት። የፓርኪንጉን በር እንኳን አልዘጋሁም።"

የቤቴ ቁልፍ አልነበረውም። እኔ ምን ሆኜ ብዬ አልሰጠሁትም። የሕንፃው ኃላፊ ከፈተችለት፤ ማይኩን እንደያዝኩ ወንበሩ ሥር አገኙኝ። በራሱ መኪና አመጣኝ። ኃላፊዋ ስለ ትሪው እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ኅዳር 9

በርባንክ፣ ሔለን ቤት። ለጥቂት ሳምንት ብቻ ብዬ ነው። የሻወሩ መያዣ ጠቃሚ ነው፤ አልክድም። ሔለን ሬዲዮውን አምጥታልኛለች። ከዚህ ሆኖ ሠናይትን በቀጥታ ማግኘት አይቻልም፤ ተራራው መሐል ገብቷል። በጣቢያው በኩል ግን ይደርሳል።

ማይኩን በሔለን የኩሽና ሚዛን መዘንኩት። ከአንድ ቲማቲም አይበልጥም። የቀነስኩትን ሁለት ነጥብ መለስኩ። ማሳያውንም ሔለንም ባሏም አዩት። ቁጥሮቹ አንድ አንድ ናቸው። እሱንም መለስኩ።

ኅዳር 11

አድማሱ ደወለ። ልለምነው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቀደመኝ።

"ሶ፣ እትዬ ቀለመወርቅ፣ አሁን ማን ማንን ነው ቼክ የሚያደርገው?"

"ጠዋት እኔ እሷን፣ ማታ እሷ እኔን።"

ሳቀ። "እማዬ በአንድ ትንፋሽ ሰው አዳንኩ እያለች ለሰው ሁሉ ትናገራለች። አሁን ኬር ሆም ባስገባት ማን ያቆማታል?" አለ። ቤቱ ይቆያል። በነፋስ ቀን ግን ሰው አብሯት እንዲያድር ቃል አስገባኝ። እኔም ቃል አስገባሁት፤ ለማሽኑ ትልቅ ባትሪ ሊልክ።

ሔለን ለፈቃዱ ተፈተነች። "ማሚ፣ ኢዚ ነው" ብላ ሄዳ ወደቀች። ለሠናይት እንዳልነግርባት ለመነችኝ። ነገርኩባት።

ኅዳር 24

ቤቴ ገባሁ፤ ፌርፋክስ። ሔለን ቁልፍ አላት፤ ብርሃነመስቀልም አለው። ቀኑን ሙሉ ዓርብ ዓርብ በርባንክ እውላለሁ። ይህን የተስማማሁት በራሴ ፈቃድ ነው።

ትሪውን መልሼ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩ። የአንድ ደቂቃው ሰዓት ባለበት ይቆያል። ሕጉን ግን አሻሽያለሁ። ተራ ቁጥር አንድ፦ ሰላምታ ግዴታ ነው። የሰው ጤና "አዎ"ና "አይ" በሚል መልስ አይታወቅም፤ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ማታ ሠናይት ጠራችኝ።

"ቀለሜ፣ እንደምን አመሸሽ? ቤትሽ እንዴት ተቀበለሽ? እጅሽስ? ሔለን ደህና ናት? ፈተናውስ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? በልተሻል? የበረንዳሽ ትሪ..."

ሬዲዮው ቆረጣት። ቆይቼ ቁልፉን ተጫንኩ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አልኩና ለቀቅሁ። እንዲህ ነው የሚባለው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልኩትም ይህንኑ ነው። እንደምትጠብቅ አውቄአለሁ።

እንደገና ተጫንኩ።

"ከሰዓት በኋላ ትንሽ ዞሮብኝ ነበር፣ ሠኒ። ቁጭ ብዬ አለፈልኝ። ለሔለን ነግሬአታለሁ፤ ነገ ሐኪም ጋ ትወስደኛለች። እጄ እስካሁን ማንኪያ ይጥላል። አሁን ተቀምጫለሁ፤ በርም አልተቆለፈም።"

"ሰማሁሽ" አለች። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመረችም።

ነጥቡን ደመርኩ። ለቤት ይሆናል።